ባል የሚያባርረው ጀንቢያ

በቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ባል የሚያባርር ቢላዋ ተሰቅሎ ነበር። ቢላዋው ራሱ ማንንም ወግቶ አያውቅም፤ ሥራውን የሚሠሩለት አባቴ ናቸው። ሽማግሌ መጥቶ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲል «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ይነሱና ቢላዋውን ከግድግዳው ያወርዱታል፣ ከአፎቱ ቀስ አድርገው ይመዙታል፣ ከዚያ ታሪኩን ይጀምራሉ።

ታሪኩን እኔ ተኝቼም እወጣዋለሁ። የአባቴ አያት ከሐድረመውት ተነስተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በአሰብ በኩል ደሴ የገቡት ይህን ጀንቢያ ታጥቀው ነው። ጀንቢያ ማለት የመኖች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ቢላዋ ነው። የኛው እጀታው ቀንድ ነው፤ እጀታው ላይ አንዲት ጠገራ ብር ተለጥፋበታለች፤ ጠገራ ብሯ ላይ ደግሞ 1780 የሚል ቁጥር አለ። አባቴ ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ለሽማግሌዎቹ ያሳያሉ። ቢላዋውን ወደ አፎቱ እየመለሱም በጣም በለሰለሰ ድምፅ «የእናንተስ አያት ምን ትተውላችሁ ሄዱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እስቲ ምን ብለው ይመልሱ? የወሎ ሰው አያት ቢተው የሚተወው መሬት ነው፤ እሱም በየዘመኑ ሲሸነሸን ኖሮ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው ድንበሩና ጠቡ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ይጨርሳሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጫማቸውን ፈልገው ይወጣሉ። በዚህ ዓይነት አንድ አስተማሪ፣ አንድ ፋርማሲስትና አንድ ነጋዴ አምልጠውኛል። ነጋዴው እንኳ በመሄዱ ብዙም አልከፋኝም።

ቁጥሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግሞ ዘመዶቼ ተስማምተው አያውቁም። አባቴ በፈረንጅ ነው ይላሉ። አጎቴ አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሆንስ ብሎ ነበር፤ ከቢላዋው ዕድሜ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ስለቀነሰባቸው አባቴ ረመዳኑን ሙሉ አኮረፉት። አክስቴ በበኩሏ የሙስሊም ዕቃ በሂጅራ እንጂ በሌላ አይቆጠርም ብላ ድርቅ ትላለች። በሂጅራ ከሆነ ቢላዋው ገና አልተሠራም፤ ሦስት መቶ ምናምን ዓመት ይቀረዋል። ይህን ስነግራት «ባል ያጣሽው በዚሁ አፍሽ ነው» አለችኝ።

እኔ ዘሃራ እባላለሁ። ያኔ ሠላሳን ተሻግሬ፣ ደሴ ፒያሳ ያለውን የአባቴን የጨርቅ ሱቅ የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። አባቴ ሐጂ አወል ደክሟቸው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። እናቴ ካለፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሳቸው፣ እኔና ቢላዋው ነን።

ሰዒድን ያገኘሁት እዚያው ሱቅ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ለእናቱ የመጋረጃ ጨርቅ ሊገዛ መጣ። በሳምንቱ የሌላኛውን ክፍል መጋረጃ ብሎ መጣ። ደግሞ በሳምንቱ ሲመጣ ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው ብዬ ጠየቅሁት። አንድ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ መጋረጃ መግዛቱን ትቶ እኔን ማነጋገሩን ቀጠለ፤ ዓመትም ሞላን።

እሑድ አባቱ ያሉበት ሽማግሌ ሊልክ ተቀጠረ። አባቱ አያ እንድሪስ ዕድሜ ልካቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ሸማኔ ናቸው በይኛ» አሉ። የፋብሪካ ማሽን ነው አባባ አልኳቸው። «ማሽኑስ ምን ሊሠራ ኖሯል?» አሉና ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ወረወሩ። ያቺን አመለካከት አውቃታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰዒድ በዚያ ቢላዋ ከሄደ ሌላ ሰው የመጠበቅ አቅም አልነበረኝም። ሌላ ሰውም አልፈልግም ነበር።

ስለዚህ ቢላዋውን ላስመረምረው ወሰንኩ። ከደንበኞቼ አንዷ ኮምቦልቻ ውስጥ ድሮ አስጎብኚ የነበረ፣ አሮጌ ዕቃ አይቶ ምንነቱን የሚናገር ጋሽ ጌታቸው የሚባል ሰው እንዳለ ነገረችኝ። ደውዬ ፎቶ ልላክልዎት ስላቸው «ዕቃ በፎቶ አይመረመርም፣ በፎቶ የሚታጨው ሰው ብቻ ነው፤ አምጪው» አሉኝ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ቢላዋው የሐሰት ከሆነ ቅዳሜ ማታ ለአባቴ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ፤ እሑድ ከግድግዳ ሳያወርዱት ይውላሉ። እውነተኛ ከሆነ ግን ያው ዕጣዬን እቀበላለሁ። መቼም አልቀበልም ነበር፤ ግን እንደዚያ ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ለጁምዓ ታጥበው፣ ሽቶአቸውን ተቀብተው በጊዜ ወጡ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ቢላዋውን አወረድኩት። ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ የሱቃችንን የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩበት። ቢላዋውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ በዞረ ቁጥር ቦርሳዬን አቅፌ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አዘነችልኝና «ልጅ ነው?» አለችኝ። ቅርስ ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት።

ጋሽ ጌታቸው ከላይ እስከ ታች ኪስ በኪስ የሆነ ሰደርያ ለብሰው በግቢያቸው ጠበቁኝ። ለቱሪስት ማስረዳት ከለመደ ሰው ጋር ማውራት ከባድ ነው፤ ደህና ነዎት ወይ ስትሏቸውም ከጥንት ይጀምራሉ። ቢላዋውን ተቀብለው ጀርባና ፊቱን አገላብጠው አዩት። ዕድሜው ስንት ይባላል ብለው ጠየቁኝ። ብሯ ላይ 1780 ይላል አልኳቸው። ወደ ቤት ገቡና አንድ እፍኝ ጠገራ ብር ይዘው ወጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«አንብቢያቸው።»

አነበብኩ። ሁሉም 1780 ይላሉ።

ብሯ ላይ መልኳ ያለው የፈረንጅ ንግሥት የሞተችበት ዓመት ነው አሉኝ። ከሞተች በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ወጣ፤ ትናንት ተመትቶ ቢሆንም የሚለው 1780 ነው። ዘመዶቼ በሦስት አቆጣጠር የተጣሉበት፣ አጎቴ ረመዳኑን ሙሉ የተኮረፈበት ቁጥር፣ ዕድሜ የማይናገር ቁጥር ነበር። ሳቄ መጣብኝ። ጋሽ ጌታቸው ግን ገና አልጨረሱም። የስልካቸውን መብራት አብርተው ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አሳዩኝ። ጠርዙ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ጎድጓዳ አለች።

«ይቺ የብሎን ቀዳዳ ነበረች። ስለቱ ባሌስትራ ነው።»

«የመኪና ባሌስትራ?»

«የመኪና ነዋ። አህያ ባሌስትራ የላትም።»

እጀታው ግን የየመን ሥራ መሆኑን፣ አሮጌም መሆኑን ደጋግመው አረጋገጡልኝ። ምን ያህል አሮጌ እንደሆነ ስጠይቃቸው አላውቅም አሉ፤ ከአንድ አስጎብኚ አፍ ያን ቃል እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አፎቱ የዚሁ አገር ቆዳ ነው፣ ምናልባትም ደሴ የተሰፋ። ባጭሩ እጀታው የመናዊ፣ ስለቱ የጭነት መኪና፣ አፎቱ የደሴ ልጅ ነው። «ዕድሜው ስንት ነው ብትዪኝ የማንኛው ብዬ እጠይቅሻለሁ» ብለው መልሰው በፎጣዬ ጠቀለሉልኝ።

ከግቢያቸው ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ሳገባ የማደርገውን ሒና ሳይቀር መርጬ ጨርሻለሁ። ለአባቴ የምነግርበትንም ቃል ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ሳሰማምር ነበር፤ «አባባ፣ አያትዎ በመርከብ ሳይሆን በጭነት መኪና ነው የመጡት» ልበላቸው ወይስ ሌላ? ይህን እያሰብኩ ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ፍተሻ ነው፣ ውረዱ ተባልን።

ሴቶችን የምትፈትሸው አንዲት ሳጅን ነበረች። ቦርሳዬን ከፈተች፣ ፎጣውን ፈታች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ቢላዋ።»

«መሆኑንማ አያለሁ። የምን ቢላዋ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የጦር መሣሪያ ነው ካልኩ በዚህ ጊዜ በዚያ መንገድ ስለት ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ቅርስ ነው ካልኩ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማዘዋወር ወንጀል ነው። የሽንኩርት መክተፊያ ነው ካልኩ ደግሞ የሽንኩርት መክተፊያ ላይ ጠገራ ብር ለጥፎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያመላልስ ሰው ከእብድ ይቆጠራል። አዲስ ባገኘሁት ዕውቀት ተማምኜ «ባሌስትራ ነው» አልኳት።

ሳጅኗ ብሯን ወደ ብርሃን አዙራ ቁጥሩን አነበበች። ስለዚያ ቁጥር ጋሽ ጌታቸው ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ ንግሥቲቱን፣ ሞቷን፣ ብሎኑን። ታግሳ ሰማችኝ። ሥራዬ ላይ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ይሄኛው ግን አዲስ ነው አለችኝ። ከዚያ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአባቴ ነው አልኩ። እንደያዝሽው ያውቃሉ ስትለኝ ፎጣዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ባላጣጥፍ ይሻል ነበር። የአባቴን ቁጥር ከኔ ተቀብላ በራሷ ስልክ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ከጁምዓ ወጥተው መስጊድ በር ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ቆመው ነበር፤ ሁካታው ይሰማል። ሳጅኗ በትሕትና ከኮምቦልቻ እንደምትደውል ነገረቻቸውና ስለ አንድ ጀንቢያ ልጠይቅዎት ነበር አለች። ሌላ አላለችም። አባቴ ግን ኮምቦልቻ የሚለውን ሲሰሙ ከሰዒድ ወገን የመጣች ጠያቂ መሰለቻቸው። ከእሑድ በፊት ዘራቸውን ሊያጣሩ ነው ብለው ደረታቸውን ነፉ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አባቴ ሐድረመውትን፣ ባሕሩን፣ አሰብን፣ ሁሉንም ተረኩላት። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው አሉ። ከዚህ ቀደም ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ነገርም ጨመሩ፤ ፈረንጆች ለሙዚየም እንውሰደው ብለው ለምነዋቸው እንቢ ብለዋል።

እሷ ታሪኩን ሳታቋርጣቸው ስትጽፍ ቆየችና «አመሰግናለሁ ሐጂ» አለች። «እንግዲህ ይህን ቅርስ ልጅዎ በፎጣ ጠቅልላ ስታዘዋውር ይዘናታል። ይምጡ።»

ከስልኩ ውስጥ ሁካታው ብቻ ቀረ።

ወደ ጣቢያ ወሰዱኝ። ያቺ ሳጅን ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በሕግ ነው የምትሠራው። የአካባቢ ነዋሪ የሆነ፣ መታወቂያ ያለው ዋስ ካመጣሽ ክፍል ውስጥ አታድሪም አለችኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የማውቀው ሰው ሰዒድ ብቻ ነው፤ ሰዒድ ደግሞ ክሬን ላይ ሲሆን ስልክ አይዝም። የቤታቸው ስልክ ግን ነበረኝ። እንግዲህ አስቡት፣ የወደፊት አማቼን ለመጀመሪያ ጊዜ የማነጋግራቸው «አያ እንድሪስ፣ ዘሃራ ነኝ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ፣ ዋስ ይሁኑኝ» ብዬ ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

አያ እንድሪስ የታጠበ ኮት ለብሰው መጡ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ምን አድርገሽ ነው ብለው አልጠየቁኝም። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝና አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ይዘውት የመጡትን ውሃ ከፍተው ሰጡኝ። ሰዒድ ሲወርድ ይመጣል አሉ። ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳውን እያየን አባቴን ጠበቅን። እኔ በልቤ እሑድ የሚባል ቀን እንዳይኖር እጸልይ ነበር። ዋስ የሚሆኑኝን ሰው አባቴ መጥተው በዚያ ቢላዋ ታሪክ ሲያሳንሷቸው ማየት አልፈለግሁም።

አባቴ ኮንትራት ታክሲ ይዘው ደረሱ። ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ሳጅኗ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመውን ጀንቢያ ነው። ቀጥሎ እኔን አዩ። የሰዒድ አባት ናቸው አልኳቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሰላምታ ጀመሩ። አፊያ ናችሁ ወይ፣ ቤተሰቡስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፤ ሁለቱም ከብት የላቸውም። ሳጅኗ ብዕሯን ይዛ ጠበቀቻቸው። የወሎ ሰው ሰላምታ መሀል ገብቶ ቃል መቀበል እንደማይቻል የምታውቅ ሴት ናት።

ሲጨርሱ ለአባቴ ወንበር ሰጠቻቸው። «ሐጂ፣ በስልክ ያሉኝን ጽፌዋለሁ። እሱ ከጸና ልጅዎ ቅርስ በማዘዋወር ትጠየቃለች። እሷ ደግሞ ዕቃው ቅርስ አይደለም ትላለች። ሌላ የሚሉት ካለ እሰማለሁ፤ ልጅዎን ለማዳን ብቻ የሚሉት ከሆነ ግን አልጽፈውም።»

አባቴ መቁጠሪያቸውን አወጡ። አንድ ሁለት ፍሬ ቆጥረው ቆሙ። አያ እንድሪስን ቀና ብለው አዩዋቸው፣ እኔን አዩኝ፣ ተመልሰው ጀንቢያውን አዩ። እኔ የምጠብቀው ሦስተኛ ታሪክ ነበር፤ ለምሳሌ ይህ ትክክለኛው ጀንቢያ ሳይሆን መንትያው ነው የሚል። ላም አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ላሟ ብትጠፋበት ሌላ ላም አያጣም።

«ወላሂ» አሉ አባቴ።

ደነገጥኩ። አባቴ ነጋዴ ሆነው ወላሂ የማይሉ ሰው ናቸው። ሱቅ ስረከብ የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር በአላህ ስም ጨርቅ እንዳልሸጥ ነው። በተረኩት ታሪክ ሁሉ ውስጥ፣ አሁን ሳስበው፣ አንድም ቀን ወላሂ አልጨመሩበትም።

«ወላሂ፣ አያቴ የመናዊ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነጋዴ ግን አልነበረም። የሌላ ሰው የዕቃ ጥቅል ተሸክሞ ነው ከአሰብ የመጣው። ይህ ቢላዋ የጥቅሉን ገመድ መቁረጫው ነበር። ስለቱ ሲያልቅ አባቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ከጭነት መኪና ባሌስትራ አሠራበት፤ ልጅ ሆኜ አብሬው ነበርኩ። ብሯን ያስለጠፍኳት እኔ ነኝ።»

ሳጅኗ መጻፏን አቁማ ለምን ብላ ጠየቀቻቸው።

«የዚችን እናት ለመጠየቅ ሽማግሌ ስልክ፣ አባቷ የማን ዘር ነህ አሉኝ። የተሸካሚ የልጅ ልጅ ነኝ ልበል? ቢላዋውን አስጌጬ፣ ታጥቄው ሄድኩ። ብሯ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየኋቸው። ሰጡኝ።»

ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩት፤ ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም። ለዓመታት ባል ያባረረብኝ ቢላዋ አባቴ ባል እንዲሆኑ የተጌጠ ኖሯል። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያውን ያሹ ነበር። እውነት ለመናገር ያኔ አዘንኩላቸው። ላሸንፋቸው ብዬ ነው የወጣሁት፤ እንደዚያ ተሸንፈው ሳያቸው ግን ልቤ አልቻለም። ተነስቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይናገራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የፋብሪካውን ነገር፣ ሸማኔ መባላቸውን ሰምተው ከሆነ አሁን ነው ጊዜው። እሳቸው ግን እንደ ቀላል ጨዋታ «ሐጂ፣ ለሚስት ያልዋሸ ማን አለ ብለው ነው?» አሉ። «እኔ የአለቃዬን ኮት ተውሼ ነው የሄድኩት። እጅጌው ረዝሞብኝ እጄን ሳላወጣ ነው ሻይ የጠጣሁት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሳጅኗ ናት። አባቴ ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ ከዚያ ማቆም አቃታቸው።

ጉዳዩ በዚያው ተቋጨ ማለት ይቻላል። ሳጅኗ አዲሱን ቃል ጻፈች፣ አባቴ ፈረሙ፣ አያ እንድሪስ መታወቂያቸውን ሰጥተው ዋስ ሆኑ። ጀንቢያው ግን የሚመለከተው ቢሮ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ እዚያው ይቆያል ተባለ። አባቴ አልተከራከሩም። ሰዒድ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ ሲደርስ እኛ እየወጣን ነበር። አባቴን ሲያይ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «እንኳን ደህና መጡ» አለ፤ ጣቢያው የራሱ ቤት ይመስል። አባቴ እጁን ጨብጠው ቆዩ። እጁን ማየታቸውን አየሁ፤ የሚሠራ ሰው እጅ ነው።

ታክሲው ሐረጎን መውጣት ሲጀምር አባቴ ለምን ወሰድሽው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ የተናገሩት ስለ እናቴ ነበር። በተጋባን ማግስት ነገርኳት አሉ። አልተቆጣችም፤ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ጀንቢያውን ግድግዳ ላይ የሰቀለችውም እሷው ናት፤ ዘመድ በመጣ ቁጥር ታሪኩን እንዲናገሩ ትጠይቃቸውና ማዶ ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። ልጅ ሆኜ ያንን አይቼዋለሁ፤ በአባቴ እየኮራች ይመስለኝ ነበር።

«እሷ ከሄደች ወዲህ የሚስቅበት ሰው የለም» አሉ። «ሳይሳቅበት ሲቀር ለእኔም እውነት መሰለኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ በፊት መቼ እንደያዝኩት አላስታውስም። እስከ ደሴ ድረስ አልለቀቅኋቸውም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ እንድሪስ መሀል ተቀመጡ። «ልጅዎን ለልጃችን» የሚለው ቃል ሲነገር አባቴ በልማዳቸው ሊነሱ ከወንበራቸው ትንሽ ብድግ አሉና፣ የሚያወርዱት እንደሌለ ሲያስታውሱ መልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን የሚያኖሩበት ቸገራቸው። ከዚያ እኔን ወደ ሳሎን አስጠሩኝ፤ በቤታችን ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ተጠርታ አታውቅም።

«ዘሃራ፣ እነዚህ ሰዎች አንቺን ብለው ነው የመጡት። እኔ የምለውን ብዙ ጊዜ ብያለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

አፍሽ ባል አሳጣሽ የተባልኩት እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው እኔ፣ ቃል ጠፋኝ። እንደምንም «እሺ ነው የምለው አባባ» አልኩ። አባቴ ወደ አያ እንድሪስ ዞረው «መርሐባ፣ ተቀብለናል» አሉ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እናንተም በየቤታችሁ አንዳንድ ነገር ሰቅላችኋል። ጀንቢያ ባይሆን የዘር ሐረግ፣ የማዕረግ ፎቶ፣ የዘመድ ስም ይሆናል። የኛ ነገር፣ አያቱ የተሸከመበትን ገመድ ረስቶ አያቱ የታጠቀውን ቢላዋ የሚያስታውስ ሕዝብ ነን። እኔ በበኩሌ የአያቴን አባት ከዚያ ወዲህ ነው ያወቅኋቸው። ድሮ ባሕር ተሻግረው የመጡ አንድ ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ምናቸውም አይገባኝም ነበር። አሁን የሰው ጥቅል ተሸክመው አፋር በረሃን ሲያቋርጡ፣ ትከሻቸው ተልጦ ሐረጎን ሲወጡ ይታየኛል። በዚያ ቁልቁለት ባለፍኩ ቁጥር በሆዴ አሰላሙ አለይኩም እላቸዋለሁ።

ባለሙያው ጀንቢያውን አይቶ ቅርስ አይደለም የሚል ወረቀት ጻፈ፤ ከጣቢያ ያመጡት አባቴ ራሳቸው ናቸው። አክስቴ ወረቀቱን አልተቀበለችውም፤ ባለሙያው ሂጅራ አያውቅም ትላለች። አባቴም ታሪኩን መናገር አልተዉም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይናገራሉ። ልዩነቱ አሁን የሚጀምሩት ከአሰቡ ጥቅል ነው፣ ብሯ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ቆም ብለው ማዶ የተቀመጥኩትን እኔን ያዩኛል። እኔም ከንፈሬን እነክሳለሁ።